ሰርቨሩን እንደገና ከማስነሣታችን በፊት

በዚህ ዕትም ዓምዳችን የሚያስተናግዳቸው ጥያቄዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የተላኩ ሲሆኑ፣ ሁሉም የሰርቨርን አቅም ስለመከታተልና ስለማስተዳደር የሚጠይቁ ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ የብዙ መሥሪያ ቤቶች ችግር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ መልሼዋለሁ።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ከዚራ በሚገኝ አንድ የሸቀጣ ሸቀጥ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ በኮምፒዩተር ባለሙያነት እሠራለሁ። አራት ኮርና 16 ጊጋባይት ራም ባለው አንድ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝና በፒኤችፒ የተሠራ የሽያጭና የክምችት ፕሮግራም አብረው ይሠራሉ፤ የሳቢያንና የሐረር ቅርንጫፎቻችንም የሚጠቀሙት በዚሁ ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ረፋድ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁሉም ነገር ይንቀራፈፍና ደንበኛ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። ሰርቨሩን ሪስታርት ሳደርገው ይስተካከላል። ራሙን ስመለከት «ፍሪ» የሚለው ቁጥር ሁልጊዜ ከ1 ጊጋባይት በታች ነው። ሥራ አስኪያጃችን ተጨማሪ ራም እንዲገዛ ሊፈቅዱ ተዘጋጅተዋል። ይገዛ ወይስ ሌላ መላ አለው?

መልስ፦ ግዢውን ለጊዜው ያቆዩት። በጻፉልኝ ውስጥ ራም ማነሱን የሚያረጋግጥ ነገር አላገኘሁም። ሊኑክስ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠን ራም ከዲስክ ያነበባቸውን ፋይሎች ቅጂ ለማቆየት ይጠቀምበታል፤ ፕሮግራሞች ራም ሲፈልጉም ይህንኑ ካሽ ወዲያው ይለቅላቸዋል። ስለዚህ «ፍሪ» የሚለው ቁጥር ሥራ በሚበዛበት ሰርቨር ላይ ዝቅ ብሎ መታየቱ የሚጠበቅ ነው። እርስዎ ሊያዩት የሚገባው «ፍሪ» በተባለው በዚያው ትእዛዝ ውጤት መጨረሻ ላይ ያለውን «አቬይለብል» የተባለውን ዓምድ ነው፤ ይህ ግምት እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 3.14 ጀምሮ በራሱ በከርነሉ የሚሰላ ሲሆን፣ ወደ ስዋፕ (ራም ሲያጥር በዲስክ ላይ ወደሚያዝ ምትክ ቦታ) ሳይኬድ አዲስ ፕሮግራም ምን ያህል ራም ሊያገኝ እንደሚችል ይነግራል። ከእሱ ቀጥሎ የሜሞሪን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን «ቪኤምስታት»ን በየሰከንዱ እንዲያሳይ አስነሥተው «ኤስአይ» (ከስዋፕ የሚመለስ) እና «ኤስኦ» (ወደ ስዋፕ የሚወጣ) የሚሉትን ዓምዶች ይከታተሉ። ስዋፕ ውስጥ የተቀመጠ ነገር መኖሩ ብቻውን አያሳስብም፤ የሚያሳስበው መረጃው በራምና በስዋፕ መካከል ያለማቋረጥ ሲመላለስ ነው። አቬይለብል ዝቅ ብሎ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ለደቂቃዎች ከዜሮ በላይ ሲቆዩ ካዩ፣ ያን ጊዜ ሜሞሪ በእርግጥ አጥሯል ማለት ይቻላል። ያጠረው ግን ለምን እንደሆነ ገና አልታወቀም።

ከራሙ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ሪስታርት ማድረጉ ነው። ሰርቨሩ ሲጠፋ የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል ሜሞሪ ይዞ እንደነበር፣ የትኛው ዲስክ ሲጠብቅ እንደነበር፣ ዳታቤዙ ላይ የትኛው ጥያቄ ተንጠልጥሎ እንደነበር የሚያሳየው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ችግር እንደ አዲስ ይመጣል። ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ መጣደፍዎ ይገባኛል። ሆኖም አምስት ደቂቃ የማይፈጅ አንድ አጭር ስክሪፕት አስቀድመው ቢያዘጋጁ፣ ሪስታርት ከማድረግዎ በፊት እሱን ብቻ አስነሥተው ውጤቱን በፋይል ማስቀመጥ ይችላሉ፦ የሰርቨሩን ጭነት፣ የሜሞሪውን ሁኔታ፣ በሜሞሪና በሲፒዩ አጠቃቀም በቅደም ተከተል የተደረደሩ ፕሮሰሶችን (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን)፣ የቪኤምስታትንና የዲስክን ሥራ የሚለካውን የአይኦስታትን የአንድ ደቂቃ ንባብ፣ ዳታቤዙ በዚያች ሰዓት የሚያስኬዳቸውን ጥያቄዎች ዝርዝርና የከርነሉን የመጨረሻ መልእክቶች። የሲስተምዲ ጆርናል (ሰርቨሩ መልእክቶቹን የሚያኖርበት መዝገብ) በዲስክ ላይ የሚጻፍ መሆኑንም ያረጋግጡ። በቫር ሎግ ሥር «ጆርናል» የሚባል ፎልደር ከሌለ፣ በነባሪው ቅንብር መሠረት መዝገቡ የሚቆየው በሜሞሪ ላይ ስለሆነ ሪስታርት ሲደረግ ይደመሰሳል።

ስክሪፕቱ የሚሰጥዎን የጭነት ቁጥር ሲያነቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሎድ አቬሬጅ ተብለው የሚታዩት ሦስት ቁጥሮች የ1፣ የ5 እና የ15 ደቂቃ አማካይ ናቸው፤ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ የሚስተናገዱትንና ተሰልፈው የሚጠብቁትን አንድ ላይ እንደመቁጠር ነው። የሊኑክስ አቆጣጠር ግን ፕሮሰሰር የሚጠብቁትን ብቻ ሳይሆን ዲስክ መልስ እስኪሰጣቸው ተገትረው የቆሙትን ፕሮሰሶችም ይጨምራል። ስለዚህ አራት ኮር ባለው የእርስዎ ሰርቨር ላይ ጭነቱ 18 ሆኖ ሳለ ሲፒዩው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ቢገኝና «ደብሊውኤ» የተባለው የመጠበቂያ ድርሻ ከፍ ቢል፣ ወረፋው የተፈጠረው ዲስኩ ላይ ነው። ሰርቨሩ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ የተገጠመለት ከሆነ ይህ ዲስክ በሰከንድ የሚያስተናግደው የተበታተነ ንባብና ጽሑፍ ከመቶ ብዙም አይበልጥም፤ ኤስኤስዲ ግን በሺዎች የሚቆጠር ያስተናግዳል። በአይኦስታት ውጤት ውስጥ አንድ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳዩትን የ«አዌይት» ዓምዶች ይመኑ። «ዩቲል» የሚለው መቶኛ ለሚዞር ዲስክ ጥሩ ጠቋሚ ቢሆንም፣ ብዙ ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ ኤስኤስዲ 100 በመቶ እያሳየም ገና አቅም ሊተርፈው ይችላል።

አሁን ወደ ራሙ ልመለስ፤ ዳታቤዝና ዌብ ሰርቨር አብረው በሚኖሩበት ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እንዲህ ነው። አፓቼ የተባለው ዌብ ሰርቨር ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ፕሮሰስ በሚመድበው የፕሪፎርክ አሠራር ሲሠራ በነባሪው ቅንብር እስከ 256 ሠራተኛ ፕሮሰሶች ድረስ እንዲፈጥር ይፈቀድለታል። አንድ የፒኤችፒ ፕሮሰስ 60 ሜጋባይት ቢይዝ፣ 256ቱ በአንድነት 15,360 ሜጋባይት ይፈልጋሉ፤ ይህም ለዳታቤዙ ምንም ሳይተርፍ ሰርቨርዎ ያለውን ራም ሊጨርስ የተቃረበ ነው። ሁሉም ቅርንጫፎች ሥራ በሚጀምሩበት ረፋድ ላይ አንድ ከባድ ሪፖርት ዳታቤዙን ሲያዘገየው፣ ከኋላው የመጡት ገጾች ሁሉ ሳይጠናቀቁ ይደራረባሉ፤ አፓቼም ለእያንዳንዱ አዲስ ጠባቂ አዲስ ፕሮሰስ ይፈጥራል። ሜሞሪው ሲያልቅ ከርነሉ አንዱን ፕሮሰስ ገድሎ ቦታ ያስለቅቃል፤ የሚመርጠውም በአመዛኙ ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ስለሆነ የሚሞተው ዳታቤዙ ነው። በዚህ ጊዜ ባለሙያው የወደቀውን ማይኤስኪውኤል አይቶ ጥፋተኛ ያደርገዋል፤ ራሙን የበሉት ግን የዌብ ፕሮሰሶቹ ናቸው። ይህ ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ በከርነሉ መዝገብ ውስጥ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር ይፈልጉ።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። የአንዱን የፒኤችፒ ፕሮሰስ እውነተኛ መጠን ይለኩ፣ ለዳታቤዙና ለስርዓተ ክወናው የሚያስፈልገውን ከ16ቱ ጊጋባይት ላይ ይቀንሱ፣ ቀሪውን ለአንዱ ፕሮሰስ መጠን ያካፍሉና የሠራተኞቹን ጣሪያ በዚያ ይወስኑ። ስልሳ ሠራተኛ በ60 ሜጋባይት ሒሳብ 3.6 ጊጋባይት ብቻ ይይዛል። ጣሪያው ሲሞላ የሚመጣው ተጠቃሚ ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል እንጂ ሰርቨሩ በሙሉ አይወድቅም። የማይኤስኪውኤል የግንኙነት ጣሪያም በነባሪው 151 መሆኑን ያስታውሱ፤ ከዚያ የሚበልጥ የዌብ ሠራተኛ መፍቀድ ዳታቤዙ ግንኙነት እንዲከለክል ብቻ ያደርጋል።

ለዳታቤዙ ደግሞ «ኢኖዲቢ በፈር ፑል» የተባለውን ቅንብር ይመልከቱ። ይህ ዳታቤዙ መረጃውን በራም ላይ የሚያቆይበት ክፍል ሲሆን ነባሪ መጠኑ 128 ሜጋባይት ነው። ከተጫነ ጀምሮ ማንም ካልነካው፣ 16 ጊጋባይት ራም ባለበት ማሽን ላይ ዳታቤዝዎ በ128 ሜጋባይት እየተንደፋደፈ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ዲስክ ይሮጣል። እንደ እርስዎ ባለ የጋራ ሰርቨር ላይ በ6 ጊጋባይት ጀምረው አቬይለብልን እያዩ ማስተካከል ተገቢ ይመስለኛል። የዘገዩ ጥያቄዎችን መዝገብም ይክፈቱ። ይህ መዝገብ ሲጫን ዝግ ነው፤ ቢከፈትም ነባሪው ገደብ 10 ሰከንድ ስለሆነ ወደ 1 ወይም 2 ሰከንድ ያውርዱት። ረፋድ ላይ ደጋግሞ የሚታየውን ጥያቄ ሲያገኙት ምናልባት አንድ ኢንዴክስ (የሠንጠረዥ ማውጫ) ይጎድለው ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በክምችት ሠንጠረዡ ላይ ያሉትን መስመሮች በሙሉ ስለሚያነብ ሠንጠረዡ ባደገ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል።

መዝገቦችን ሲያመሳክሩ የሰዓት ነገር እንዳያሳስትዎ። የሐረሩ ቅርንጫፍ ሠራተኛ «ከረፋዱ 4:30 ላይ ቆመ» ሲልዎ፣ የአገራችን የሰዓት ሰቅ የተሞላበት ሰርቨር ያንኑ ቅጽበት 10:30 ብሎ ይመዘግበዋል፤ የማይኤስኪውኤል የስሕተት መዝገብ ደግሞ ካልቀየሩት በስተቀር በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ስለሚጽፍ 07:30 ይላል። ሦስቱን ሳያዛምዱ ምክንያቱን መፈለግ ብዙ ባለሙያዎችን ከንቱ አድክሟል። የቅሬታ ደብተር ካለዎ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉበት።

በመጨረሻም «ሲስስታት» የተባለውን ጥቅል ይጫኑ። በየ10 ደቂቃው የሲፒዩን፣ የሜሞሪን፣ የዲስክንና የኔትወርክን አጠቃቀም እየመዘገበ ያስቀምጣል፤ ያለፈውንም «ሳር» በሚባለው ትእዛዝ ያነባሉ። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ከተጫነ በኋላ መሰብሰቡን በቅንብር ፋይሉ ካልፈቀዱለት ላይጀምር ስለሚችል ይህን አይርሱ። የአሥር ደቂቃ አማካይ የአንዲት ደቂቃን ግርግር ስለሚሸፍን ለእርስዎ ሁኔታ ወደ 1 ወይም 2 ደቂቃ ማውረዱ ይመረጣል። ማቆያ ጊዜውንም ቢያንስ ሁለት ወር ያድርጉት፤ የወር መጨረሻን ከወር መጨረሻ፣ በተለይም የሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያን ከተራ ሳምንት ጋር ማነጻጸር የሚቻለው መዝገቡ ሲኖር ነውና። ይህን ሁሉ አስተካክለው ለጥቂት ሳምንታት ከመዘገቡ በኋላም አቬይለብል ዝቅ እያለ ስዋፕ የሚመላለስ ከሆነ፣ ራም እንዲገዛ ለሥራ አስኪያጅዎ መዝገቡን ይዘው ይቅረቡ፤ ዲስኩ ሆኖ ከተገኘ ግን ያ ገንዘብ ለኤስኤስዲ ቢውል ለቅርንጫፎቹ ሁሉ ለውጡ ይታያቸዋል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሐረር ነው። የአንድ የግል ክሊኒክ የሕሙማን መዝገብ ያለበትን ሰርቨር እጠብቃለሁ። ዲስኩ ሞላ የሚል መልእክት ስለመጣ ትልልቅ የሎግ ፋይሎችን አጠፋሁ፤ ነገር ግን የዲስክን ቦታ የሚያሳየው «ዲኤፍ» አሁንም ሙሉ ነው ይላል። ቦታው የት ሄደ?

መልስ፦ ያጠፉትን ፋይል ከፍቶ የያዘው ፕሮግራም ገና አልለቀቀውም። በሊኑክስ ላይ ፋይል ሲጠፋ የሚሰረዘው ስሙ ነው፤ ይዞታው ግን ከፍቶ የሚጽፍበት ፕሮግራም እስኪዘጋው ድረስ በዲስኩ ላይ ይቆያል። «ኤልሶፍ» የተባለው ትእዛዝ የተሰረዙ ሆነው ሳለ ክፍት የሆኑ ፋይሎችን ከነባለቤታቸው ይዘረዝራል። ያንን አገልግሎት ብቻ እንደገና ቢያስነሡት ቦታው ይመለሳል፤ ሰርቨሩን በሙሉ ማጥፋት አያስፈልግም። ለወደፊቱ ፋይሉን ከማጥፋት ይልቅ ይዘቱን ባዶ ማድረግና አሮጌ ሎጎችን በየጊዜው የሚያስወግደውን «ሎግሮቴት»ን በአግባቡ ማዋቀር ይሻላል።

ዲኤፍ ቦታ አለ እያለ መጻፍ እምቢ ካለ ደግሞ የሚጠረጠሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው አይኖድ (ለእያንዳንዱ ፋይል የሚመደብ መለያ መዝገብ) ማለቁ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ሲከማቹ፣ ለምሳሌ ያልተጸዱ የሴሽን ፋይሎች ሲኖሩ፣ ባይቱ ሳያልቅ አይኖዱ ያልቃል። ሌላው ኢኤክስቲ4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ሲፈጠር ለሩት (ለዋናው አስተዳዳሪ) ተጠቃሚ የሚያስቀምጠው 5 በመቶ ነው፤ ይህም በ1 ቴራባይት ዲስክ ላይ 50 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል።

በአንድ ነገር ላይ ግን አደራ እላለሁ። ዳታቤዝዎ ማይኤስኪውኤል 8.0 ከሆነ ባይናሪ ሎግ (በዳታቤዙ ላይ የተደረጉ ለውጦች መዝገብ) ሲጫን ጀምሮ ክፍት ሲሆን በነባሪው 30 ቀን ይቆያል፤ ዲስክ ከሚሞሉት ዋነኞች አንዱም እሱ ነው። እነዚህን ፋይሎች ከፎልደሩ ውስጥ በእጅ አያጥፏቸው። ዳታቤዙ ራሱ በሚሰጠው የማጽጃ ትእዛዝ ያሳጥሯቸው፤ ከዚያ በፊትም ከመጨረሻው ባክአፕ ወዲህ ያሉት እንዳይነኩ ያረጋግጡ። ባክአፑ በተወሰደበትና ዲስኩ በተበላሸበት ሰዓት መካከል የተመዘገቡ ሕሙማን መረጃ የሚመለሰው ከእነዚህ ፋይሎች ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ሳቢያን የሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ሰርቨሩን ያስቀመጠው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ የሲፒዩው አጠቃቀም ከጠዋቱ በእጅጉ ይጨምራል፤ የተጠቃሚው ቁጥር ግን ያው ነው። ሙቀቱ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ ምልከታዎም የሚደነቅ ነው። ፕሮሰሰር ከገደቡ በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ለብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህ ገደብ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ያው ሥራ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ የአጠቃቀሙ መቶኛ ከፍ ብሎ ይታያል። ጭነት የጨመረ ይመስላል እንጂ የቀነሰው አቅም ነው። ለማረጋገጥ የፕሮሰሰሩን ሙቀትና የወቅቱን ፍጥነት በጊጋኸርዝ ከአጠቃቀሙ ጋር አንድ ላይ ይመዝግቡ፤ ሙቀቱ ሲወጣ ፍጥነቱ ከወረደ ምክንያቱ ተገኝቷል። ከርነሉም ፍጥነት በሙቀት ምክንያት ሲቀነስ በመዝገቡ ላይ ይጽፋል።

አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለሰርቨር የሚመክረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ አየር ነው። የሚለካውም አየሩ ወደ ሰርቨሩ በሚገባበት በፊት ለፊቱ በኩል ስለሆነ፣ በክፍሉ በር አጠገብ የተሰቀለ ቴርሞሜትር አይበቃም። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ከተማችን የግንቦት ከሰዓት በኋላ አየር ከዚህ በጣም ስለሚያልፍ፣ ከደጋው ያሉ መሥሪያ ቤቶች መስኮት ከፍተው የሚያልፉት ነገር እዚህ ማቀዝቀዣ ይጠይቃል።

ከሁሉ የከፋው መብራት ሲሄድ ነው። ብዙ ቦታ ዩፒኤሱ የተያያዘው ከሰርቨሩ ጋር እንጂ ከማቀዝቀዣው ጋር አይደለም፤ ስለዚህ ጄኔሬተር እስኪነሣ ሰርቨሩ ሙቀት ማመንጨቱን ይቀጥላል፣ የሚያወጣለት ግን የለም፤ ጠባብ ክፍል ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ዩፒኤሱ ባትሪው ሲቀንስ ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ ተደርጎ ይሆናል፤ የክፍሉ ሙቀት 35 ዲግሪ ሲደርስም እንዲሁ እንዲያጠፋ ይዋቀር። የፋኖቹን አቧራ በየጊዜው ማስጠረግ፣ ከፊትና ከኋላ አየር እንዳያልፍ የሚያግዱ ካርቶኖችን ማንሣትና ሃርድ ዲስኮቹ ከ60 ዲግሪ በታች መሆናቸውን በስማርት (ዲስኮቹ ስለ ራሳቸው ጤንነት በሚሰጡት) ንባባቸው ማየትም ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በሐረር በአንድ ኮሌጅ ውስጥ ሰርቨር ለመከታተል የሚያገለግሉትን ፕሮሜቴየስና ግራፋና ጭኛለሁ። ነገር ግን ቀን ከሌት የማስጠንቀቂያ መልእክት ስለሚጎርፍ አሁን ማናችንም አናየውም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሲፒዩ 80 በመቶ ሲያልፍ የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያ ይሰርዙት። ሥራውን በሚገባ የሚሠራ ሰርቨር ሲፒዩውን መጠቀሙ አያስወቅሰውም። ሰው ከእንቅልፉ ሊቀሰቀስበት የሚገባው ተጠቃሚው የሚጎዳበት ነገር ነው፦ የተማሪዎች መመዝገቢያ ገጽ ለመከፈት የሚወስደው ጊዜ ሲረዝም፣ ስሕተት የሚመልሱ ጥያቄዎች ሲበዙ፣ ባክአፕ ሳይወሰድ ሲያድር። ለእያንዳንዱም ሁኔታው ለ10 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ ሲቆይ ብቻ መልእክት እንዲላክ ያድርጉ።

ለዲስክ «90 በመቶ ሞላ» የሚለው ገደብ ብዙ አይናገርም። 80 ጊጋባይት የቀረው ዲስክ በቀን 2 ጊጋባይት ቢያድግ 40 ቀን አለው፤ በቀን 40 ጊጋባይት ቢያድግ ግን ከነገ ወዲያ ይሞላል። ፕሮሜቴየስ ያለፈውን ዕድገት አይቶ የሚሞላበትን ጊዜ የሚተነብይ ፈንክሽን ስላለው «በአራት ቀን ውስጥ ይሞላል» በሚለው ያስጠንቅቅዎ። ለሲፒዩ፣ ለሜሞሪና ለዲስክ ግፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2018 በወጣው ከርነል 4.20 የተጨመረውን የ«ፕሬዠር» መለኪያ ይጠቀሙ፤ ፕሮሰሶች አንዱን ሀብት በመጠበቅ ያባከኑትን ጊዜ በመቶኛ ስለሚያሳይ ከአጠቃቀም መቶኛ ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ፕሮሜቴየስ መረጃን በነባሪው 15 ቀን ብቻ ስለሚያቆይ፣ የአንድን ሴሚስተር ምዝገባ ከቀጣዩ ጋር ለማነጻጸር ከፈለጉ ይህንን አስቀድመው ያራዝሙት።

ፕሮሜቴየስን በዚያው በሚከታተለው ሰርቨር ላይ ጭነውት ከሆነ ወደ ሌላ ማሽን ያውጡት፤ ሰርቨሩ ሲወድቅ ተመልካቹም አብሮ ይወድቃልና። የግቢው መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ መልእክቱ ራሱ ከግቢ መውጣት አይችልም። ስለዚህ ሁሉም ደኅና በሆነበት ቀንም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንዲት መልእክት ወደ ባለሙያዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ እንድትደርስ ያዋቅሩ፤ ተረኛው በዚያ ሰዓት ካላያት ሌላ ምልክት ሳይጠብቅ ወደ ሰርቨር ክፍሉ ይሄዳል።